የሌባ ስንዝር

ሳንሉካር ባሕር ዳር የሚጫወቱ ልጆች ዛሬም ድረስ ባልታሳርን «ያ መርከብ ሰባሪ ሽማግሌ» ነው የሚሉት። ከሞተ በኋላ እንኳ አልለቀቁትም። ምላሳቸው ይድረቅ! ከማን ሰሙት? ከአባቶቻቸው። አባቶቻቸውስ ምን ያውቃሉ? ምንም! እኔ ኦኖፍሬ ጉልበት ከነበረኝ ጊዜ ጀምሮ የባልታሳርን ጀልባ ስቀዝፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀንም አጠገቡ ቆሜ ነበር። እስካሁን አፌን የዘጋሁት ምራቱ ሌዎካዲያ በሕይወት እስካለች ድረስ እንዳልተነፍስ ስላስማለኝ ነው። እሷም ባለፈው ክረምት አረፈች። እንግዲህ ማንን እፈራለሁ? ልናገር።

ባልታሳር አሻጋሪ ነበር። ጓዳልኪቪር ወንዝ ከባሕሩ በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ከውሃው ሥር፣ አሸዋ ተጋድሟል። ከውቅያኖሱ ማዶ ብር ጭኖ የሚመጣ መርከብ ሁሉ ሽቅብ ወደ ሴቪያ ለመውጣት መጀመሪያ ያንን አሸዋ መሻገር አለበት። አሸዋው ደግሞ ባለበት የሚረጋ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ያየኸው ጎድጓዳ ነገ ጉብታ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስለዚህ መርከቡ ደጅ ላይ መልሕቁን ጥሎ ይቆማል፤ አሻጋሪው በጀልባ ይሄድና የባሕሩን ሙላት ጠብቆ፣ ካፒቴኑን «እስቲ ዞር ይበሉልኝ፣ ጌታዬ» ብሎ ትእዛዙን ይረከባል። ለዚያች ሰዓት ከእሱ በላይ ጌታ የለም።

ወጣት ሳለን መርከቦቹ ሲመጡ ማየት ነበር! አድማሱ ሸራ በሸራ ይሆናል። ደወል ሲደወል ቄሱ ሳይቀሩ ቅዳሴውን በሩጫ ጨርሰው ወደ ባሕር ዳር ይወርዱ ነበር። ሴቶቹ የሚጠብሱትን ዓሣ እሳት ላይ ጥለው ይወጣሉ። «ንጉሣችን ያልገዛው አገር ካለ ገና ያልተገኘ ነው» እንል ነበር፣ ያውም ከልባችን። ፍላንደርስ የኛ፣ ናፖሊ የኛ፣ ፖርቱጋል የኛ፣ ማዶው ሁሉ የኛ። ሰርዲናችንን በዳቦ እየበላን ዓለሙን እንከፋፈለው ነበር። ባልታሳር ያኔ መንገድ ላይ ሲሄድ ደረቱ ነበር ቀድሞት የሚሄደው። አንድ ቀን ገበያ መሀል «ዛሬ ደግሞ ምን አስገባህ?» ቢሉት፣ ኮራ ብሎ «ስፔንን» አለ። በሳቅ ፈረስን። እሱ ግን አልሳቀም፤ እውነቱን ነበር የተናገረው።

አሁን ስለ ስንዝሯ ልንገራችሁ፤ እሷን ካላወቃችሁ የባልታሳርን ነገር አታውቁትም። መርከቡ ምን ያህል ወደ ውሃ እንደሚሰምጥ አሻጋሪው ማወቅ አለበት። ካፒቴኑን ይጠይቀዋል። ካፒቴኑ ይዋሻል። ለምን አትሉም? የተደበቀ ብር አለዋ! ለንጉሡ ሹም ያልተነገረ፣ መርከቡ እንዳይገለበጥ ሆዱ ውስጥ ከሚደረደረው ድንጋይ ሥር የተቀበረ። ሁሉም ይደብቃል፤ ካፒቴኑ፣ መርከበኛው፣ መነኩሴው፣ ሊፈትሽ የሚመጣው ሹም ራሱም ድርሻ አለው። የተደበቀ ብር ደግሞ ይከብዳል። ካፒቴኑ እውነተኛውን ከተናገረ «ይህን ያህል ያሰመጠህ ምን ጭነህ ነው?» መባል ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ቀንሶ ይናገራል። አሻጋሪውም ትንፍሽ ሳይል በልቡ አንድ ስንዝር ይጨምራል። «የሌባ ስንዝር» እንላታለን። አባት ለልጁ የሚያስተምራት ነገር ናት። ማንም ማንንም አያስቀይምም፤ ንጉሡ ይሰረቃል፣ መርከቡ ያልፋል፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል።

እንዲህ እንዲህ እያልን አረጀን፤ አገሩም ከእኛ ጋር አረጀ። ፍላንደርስ ያለው ጦርነት አያልቅም። እሱ ሳያልቅ ካታሎኒያ ተነሳ፣ ፖርቱጋልም «የራሴ ንጉሥ አለኝ» አለ። ብሩ በበራችን እያለፈ ወደማናውቀው አገር ይሄዳል፤ እኛ ኪስ የሚገባው መዳብ ነው። የሚመጡት መርከቦች አነሱ፣ የሚመጡት ደግሞ ከበፊቱ ገዘፉ፤ ከወንበዴ የሚጠብቅ ዘበኛ መርከብ ስለሚያንስ ሁሉን በአንዱ ላይ ማጨቅ ሆነ። አሸዋው ላይ የቀረ መርከብ ሁሉ ለአሸዋው ተጨማሪ መደገፊያ ይሆነዋል። በየዓመቱ ከፍ አለ። ካፒቴኖቹ «የካዲዝ ወደብ ይሻለናል» እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር። ባልታሳር ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላ ነበር።

አንድ ልጅ ነበረው፣ ቴልሞ። እናቱ ብሪሂዳ በልጅነቱ ነው የሞተችበት፤ አባቱ ነው ያሳደገው። ጀልባችን ውስጥ ነው ያደገው ብል ይቀላል። እርሳስ የታሰረበትን ገመድ ጥሎ ጥልቀት መለካት፣ የአሸዋውን ቀለም ማየት፣ ስንዝሯን መጨመር፣ ሁሉን ያውቅ ነበር። ግን ሌዎካዲያን ባገባ በዓመቱ ማዶ ልሄድ ነው አለ። ቤቱ ጦር ሜዳ ሆነ።

«እዚህ ምን ጎደለህ?» አለው አባቱ።

«ምን አለና ነው የሚጎድለኝ፣ አባዬ? ለአንተ ሥራህ ነው። ለኔ ምን ይተርፈኛል? አሸዋ ልውረስ?»

«እኔ አሸዋ አብልቼ አላሳደግኩህም!»

«እሱማ አዎ። እኔ ግን ልጄን አሸዋ ነው የማበላው።»

ሄደ። ባልታሳር የዚያን ዓመት ወይን አንድ በርሜል አሸገና ጓዳ አስቀመጠ። «ቴልሞ ሲመጣ ነው የሚከፈተው፤ የነካው ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ» አለ። እኔን እያየ ነበር ያለው፤ ያውቀኛላ። ከዚያ በኋላ ስንቀዝፍ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «ኦኖፍሬ፣ ከዚህ ዓለም የቀረኝ ጉዳይ አንድ ነው። ቴልሞ የሚመጣበትን መርከብ በገዛ እጄ ላሻግረው። ልጄን በር ከፍቼ ላስገባው። ከዚያ ፈጣሪ እንደፈለገ ያድርገኝ።» ሰው ስለ ልጁ ሀብት ማግኘት ሲያወራለት ይቆጣ ነበር። «የኔ ልጅ በላቡ የሚያድር ነው። ድንጋይ ሥር የሚደብቅ አይደለም» ይላል። እኔ እቀዝፋለሁ። ምን አገባኝ? ሁሉም አባት እንዲሁ ነው የሚለው።

ዓመታት አለፉ። አንድ መከር መርከቦቹ መጡ ተባለ። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ መሀላቸው ግን አንድ ትልቅ አለ፣ ሳንታ ኤንግራሲያ የምትባል። ቀድሞ በጀልባ የወረደ ሰው «ቴልሞ እላይዋ ላይ ነው» ብሎ ነገረን። ባልታሳር እንደ ልጅ አደረገው። ጫማውን ግራና ቀኙን አዛውሮ አደረገ። ሌዎካዲያ እየሳቀች እያለቀሰች አስተካከለችለት።

«አባባ፣ ለእራት ይደርሳሉ?» አለችው።

«እራት ምን አላት! በርሜሉን አውጥተሽ ጠብቂን» አላት።

እየቀዘፍን ሄድን። ንፋሱ ከምዕራብ ነው፣ እየበረታ ነው፤ አልወደድኩትም። በገመድ መሰላል ወጣን። ቴልሞ! አምላኬ፣ ያ ደልዳላ ልጅ ምን ሆኗል? ቢጫ ሆኗል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ የፊት ጥርሱ የለም። ማዶ ያለው ወባ በልቶታል። አባቱ አቅፎት ሲቆም ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። እኔም መርከበኞቹ እንባዬን እንዳያዩብኝ ወደ ንፋሱ ዞርኩ።

ካፒቴኑ ግን ትዕግሥት የለውም። «ሽማግሌ፣ ለቅሶውን መሬት ላይ ታደርሱታላችሁ። እንግባ።»

ባልታሳር ዓይኑን ጠረገና ሥራውን ያዘ። «ስንት ስንዝር ትሰምጣላችሁ፣ ጌታዬ?»

«ሃያ ሁለት።»

ባልታሳር ወደ ጎን ተንጠልጥሎ የመርከቡን ሆድ አየ። አዲስ ቅጥራን ተቀብቷል፤ ድሮ ውሃው የሚደርስበት ምልክት ተሸፍኗል። ማዕበሉም ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፤ ከዚህ የሚገኝ ነገር የለም።

«ጭነቱን በጀልባ ቀነስ ብናደርግላት?» አለ።

«ምንም አይቀነስም!» አለ ካፒቴኑ ቶሎ ብሎ። ቶሎ ማለቱ ብቻ በቂ ነበር። ጀልባ ቢመጣ ያ ድንጋይ ይነሳል፣ ድንጋዩ ከተነሳ ከሥሩ ያለው ይታያል። ይህን የሳንሉካር ድመት ያውቀዋል።

ሌላ ቀን ቢሆን ባልታሳር «እሺ» ብሎ በልቡ ስንዝሯን ይጨምር ነበር። ሃያ ሦስት ብሎ ሙላቱ እስኪጨርስ ይጠብቅ ነበር፤ ገና እየሞላ ነውና ትንሽ መታገሥ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ልጁ አለ። ወደ ቴልሞ ዞረ።

«ቴልሞ፣ ሃያ ሁለት ናት?»

ልጁ ካፒቴኑን አየ፣ አባቱን አየ። ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስከምሞት አልረሳትም፤ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ቀልድ ሲነሳ የምትመጣ ዓይነት ናት።

«ሃያ ሁለት ናት፣ አባዬ።»

«ማልልኝ።»

«በእናቴ መቃብር።»

ባልታሳር ፊቱ በራ። «ሸራ ፍቱ! መልሕቅ አንሱ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ክንዱን ያዝኩት።

«ባልታሳር፣ ስንዝሯስ?»

«የምን ስንዝር?»

«ኧረ ባክህ! ቆይ ትንሽ፣ ውሃው ይሙላ። ካፒቴኑ ሲዋሽ አላየህም?»

«ካፒቴኑን ማን ጠየቀው? ልጄን ነው የጠየቅኩት። በእናቱ መቃብር ነው የማለልኝ።»

«ቢምልስ? አንድ ስንዝር ብትጨምር ምን ትሆናለህ?»

ያኔ ተቆጣ። እንዲያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። «በልጄ ላይ? ስንት ዓመት ቆይቶ በመጣ ልጄ ላይ የሌባ ስንዝር ልጨምር? ከዛሬ ጀምሮ ሌባ ነህ ልበለው? ወይ ቅዘፍ ወይ አፍህን ዝጋ፣ ኦኖፍሬ። ንፋሱም እየበረታ ነው፤ እራታችንን ቤት ነው የምንበላው።»

አፌን ዘጋሁ። ትእዛዙ የእሱ ነው።

ገባን። ገመድ ጣዩ ጥልቀቱን እየጠራ ነው፤ ባልታሳር መሪው ጋ ቆሞ የደብሩን ማማና የጥዱን ዛፍ እያስተያየ «ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ ያዝ» ይላል። ቴልሞ አጠገቡ ነው፤ ዘና ብሎ ከተማውን ያያል። «የኛ ቤት ጣሪያ ተጠግኗል እንዴ?» አለ። «ሌዎካዲያ ናት ያስጠገነችው» አለው አባቱ። ለካ ሁለቱ የተነጋገሩት የመጨረሻው ደህና ቃል ይህ ነበር።

ከዚያ መርከቧ አሸዋውን መታች። መጀመሪያ እንደ መንሸራተት ነው፤ ቀጥሎ ጥርስ የሚያራግፍ ነገር መጣ። ሁላችንም ወደቅን። ማዕበሉ አነሳትና መልሶ ጣላት፤ ከሆዷ የእንጨት ስንጠቃ ተሰማ። ቴልሞ ተነስቶ አባቱን በሁለት እጁ ያዘው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባዬ! ስንዝሯን አልጨመርክም?»

ልጁ ይወዘውዘው ጀመር።

«ሁልጊዜ ትጨምር የለ? እኮ ትጨምራለህ ብዬ ነው!»

ጉድ በሉ። ልጁ የዋሸው አባቱ እንደሚጨምር አምኖ ነው። አባቱ ያልጨመረው ልጁ እንደማይዋሽ አምኖ ነው። ሁለቱም ተማመኑ፤ ያለ ዕድሜዋ የሰመጠች ሳንታ ኤንግራሲያ ብቻ ናት እንዳልል፣ ገና አልጨረስኩም።

ሰው ወደ ጀልባዎቹ ይጋፋል። ካፒቴኑ ቀድሞ ገብቷል፣ እግዜር አይማረው። ቴልሞ ግን አባቱን ለቀቀና ወደ ታች ወደ መርከቡ ሆድ ሮጠ። «ተው! ቴልሞ ተው!» ይላል አባቱ። ልጁ ከደረጃው ቀና ብሎ «ለሌዎካዲያ ነው! አሁን እመጣለሁ!» አለ። ለካ እሱም ደብቆ ኖሯል፤ ለፍቶ፣ በወባ እየነደደ፣ ዓመታት ያጠራቀማት ብር ናታ። ከድንጋዩ ሥር ሊያወጣት ነው። ሌላ ማዕበል መጣ። ትልቁ ምሰሶ ወደቀና የደረጃውን አፍ ዘጋው። ባልታሳር በጥፍሩ እንጨቱን ሲቧጥጥ እኔና አንድ መርከበኛ ተሸክመን ጀልባ ውስጥ ጣልነው። ነከሰኝ። ጠባሳው ይኸው እጄ ላይ አለ።

ከሴቪያ ዳኞች መጡ። ጠላቂዎች ወርደው ከድንጋዩ ሥር ያልተነገረ ብር ማውጣት ጀምረዋል፤ ማን እንደደበቀ ሊጣራ ነው። የደበቀ ሰው ንብረቱ ይወረሳል፣ ሞቶም ቢሆን። ቴልሞ ደግሞ ያለችው ያቺ ሌዎካዲያ ጣሪያዋን ያስጠገነቻት ቤት ናት፤ ዋሽቷል ከተባለ እሷም ትወረሳለች። ባልታሳርን አቆሙት። እኔ በር ላይ ነኝ፣ እሰማለሁ።

«መርከቧ ምን ያህል እንደምትሰምጥ ማን ነገረህ?»

«ማንም» አለ።

«እንዴት ማንም?»

«አልጠየቅኩም። ልጄን በማየቴ ሥራዬን ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዳኞቹ ተያዩ። ደስ አላቸው፤ እንዴት ደስ አይላቸው! ካፒቴኑን ቢጠይቁ የብሩ መንገድ የት የት እንደሚያደርስ ማን ያውቃል? ሽማግሌ ረስቶ ነው ሲባል ሁሉም ይተኛል። አሰሩት፣ ከርሞ ለቀቁት፣ ዳግመኛ መርከብ ላይ እግሩን እንዳያሳርፍ ከለከሉት። ወደ እስር ሲወስዱት በር ላይ ያዝኩት። «አብደሃል? እውነቱን ንገራቸው!» አልኩት። «አፍህን ዝጋ፣ ኦኖፍሬ» አለኝ እንደዚያን ቀን፤ ግን ቁጣ አልነበረበትም። ያኔ ነው ያስማለኝ።

ሌዎካዲያ ሰማች። የሰማችው ዳኞቹ ፊት የተናገረውን ነው። ከእስር የወጣ ቀን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከገባችበት ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብላው የማታውቅ ሴት ናት።

«አልጠየቅክም?» አለችው። «ለማንም ውሻ መርከብ ስትጠይቅ ኖረህ ለባሌ አልጠየቅክም?»

ባልታሳር ባርኔጣውን አወለቀ።

«አፍ የለህም? አንተ ልጅ በላ!»

በርሜሉን ከጓዳ እያንከባለለች አውጥታ በመጥረቢያ መታችው። ወይኑ በመንገዱ ቁልቁል ወረደ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ባልታሳር ወይኑ ጫማውን እያራሰው ቆሞ ቆየና ወደ ባሕር ዳር ወርዶ ከኔ ጋር ኖረ። ያቺ ቤት እስከ ዕለተ ሞቷ የእሷ ሆና ቀረች። በማን ዋጋ እንደቀረችላት አላወቀችም።

ሳንታ ኤንግራሲያ እዚያው አሸዋው ላይ በሰበሰች። አሸዋው በጎድን አጥንቶቿ ላይ ተከመረ፤ የተረፈችው መግቢያ ጠበበች። መርከቦቹ አንድ በአንድ ወደ ካዲዝ ዞሩ። ደወሉም ለቀብር ካልሆነ አይደወልም። ያ ስፔንን ያስገባሁ ያለ ሰው ባሕሩ ሲጎድል ጎንበስ ብሎ ከጭቃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይለቅም ነበር። ልጆቹ ድንጋይ ይወረውሩበታል። እኔ አባርራቸዋለሁ፤ እሱ ቀና ብሎም አያይም።

ሊሞት ሲል ቀትር ላይ ነበር፤ በሩን ክፈትልኝ አለኝ፣ ባሕሩን ለማየት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «ባልታሳር፣ ሌዎካዲያን ልጥራት። እውነቱን ሰምታ ይቅር ትበልህ። በዚህ ሁኔታ ልትሄድ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ። «ባሏ በእናቱ መቃብር በውሸት ማለ ልበላት? እኔን ትጥላኝ። እኔን መጥላት ለምዳዋለች።»

«ጥፋቱ የአንተ አይደለማ!»

ዓይኑን ከአሸዋው ሳይነቅል፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ እንዲህ አለ፦

«ስንዝሯን ብጨምርበት ይቀየመኝ ነበር፣ ኦኖፍሬ። አባቴ ሌባ አለኝ ብሎ ያኮርፈኝ ነበር። አኩርፎኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እቤት እራቱን ይበላ ነበር።»